ባንቺ ልክ የተሠራ ቤት

ውድ አለቃዬ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ድምፄ ትንሽ ሻከር ካለብሽ ነገሬን ሳልጨርስ «በቃ ይቅር፣ እመለሳለሁ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ደግ ነው፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ስለዚህ ዛሬ የደንበኞቼን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

ጥያቄሽ አልተረሳኝም። የሙከራ ጊዜሽ ዓርብ ያልቃል። ወይ ትፈርሚና እዚያው ከተማ ቀርተሽ የዚያ ትልቅ ማዕከል የሰው ሠራሽ እግር ክፍል ኃላፊ ትሆኛለሽ፣ ወይ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ትመጫለሽ። «ልመለስ ወይስ ልቅር? አንተ ያልከው ይሁን፤ ቅር አይለኝም» አልሽኝ። አለቃዬ፣ አንቺ ብዙ ነገር ትችያለሽ፣ መዋሸት ግን አልሆነልሽም። ያንን ስትዪ ድምፅሽ ጥርሱን ሊነቀል ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር።

በቅድሚያ፣ ብትቀሪ እናከራየዋለን ያልነውን የቤታችንን ነገር ልንገርሽ። «ተከራይ ጠፋ» ያልኩሽ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ተከራይስ መጥቷል፤ እኔ ነኝ የመለስኩት።

መጀመሪያ የመጣው አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ከነሚስቱ። ጨዋ ሰው፣ ቁመቱ የመብራት እንጨት የሚያህል። ሙያ ክፉ ነው፤ ገና ደጃፍ ላይ ሳለ ዓይኔ ትከሻውንና የእጁን ርዝመት ለክቶ ጨርሷል። ወጥ ቤት ሳስገባው የዕቃ ማጠቢያው ጭኑ ላይ ደረሰ። «ይህ ቤት አይሆንዎትም» አልኩት። ሰውየው ስቆ ግድ የለም አለኝ። እኔ ግን ወገብዎን ያምዎታል፣ በኋላ ይወቅሱኛል ብዬ ሸኘሁት። መቼም ታውቂያለሽ፣ ከሱቄ ልኩ ያልሆነ ኮት ለብሶ የወጣ ሰው የለም፤ ቢለምነኝም አልሸጥለትም። ያንኑ ሕግ ቤቱ ላይ አወጣሁበት።

ቀጥለው ሁለት እህትማማች አስተማሪዎች መጡ። እነሱስ በቁመት ልክክ ብለው ነበር። ዳሩ ግን አንደኛዋ የመግቢያውን ደረጃ አይታ፣ መደገፊያው ብረት በሁለቱም በኩል ምን ያደርጋል፣ አንዱ ተነቅሎ የአበባ ማሰሮ ቢደረደርበት አለች። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ። የጣሪያውን ፍሳሽ፣ የመኝታ ቤቱን ስንጥቅ፣ ያለውንም የሌለውንም ዘከዘክሁላቸው። ቤቱን ሳይሆን አንቺን ያሙ መሰለኝ።

ደግሞስ አላሙሽም ትያለሽ? ይህን ቤት ክፍል በክፍል ስንሠራ ከሥራ ስትመለሺ ሜትርሽን ከቦርሳሽ አውጥተሽ፣ ለታካሚ ልክ እንደምትወስጂው ሁሉ የራስሽን ልክ ትወስጂ ነበር። የዕቃ ማጠቢያውን ከፍታ ከክርንሽ፣ የመብራት ማብሪያውን ከትከሻሽ። ግንበኛው «እመቤቴ፣ ይህ እኮ ለልጅ ነው» ሲልሽ፣ «ቤቱም የኔ፣ ክርኑም የኔ» አልሽው። ደረጃውን ግን ለራስሽ አልለካሽም። ዝቅ ዝቅ አድርገሽ፣ ግራና ቀኙን መደገፊያ አስበጅተሽ ያሠራሽው፣ እግር የሠራሽለት ሰው ሊጠይቅሽ ቢመጣ በሰው ትከሻ እንዳይገባ ነው። እግር የሠራሽለት ፖስተኛ ደረጃውን መጀመሪያ የወጣበት ቀን ትዝ ይልሻል? ላይ ደርሶ ግባ ስንለው እምቢ አለ። ተመልሶ ወረደና እንደገና ወጣ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ በመስኮት አያለሁ፤ ክሩ ተበጥሶ መኪናው ባዶውን ይሰፋል። ምን ዓይነት ሴት ነው ያገባሁት ብዬ በልቤ ተገረምኩ። አልነገርኩሽም። ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ የሚነገረውን ትተው ስለ አምፖል ያወራሉ።

የአስተማሪዎቹን ነገር ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አዋላጅ ሰማች። ሲወጡ በር ላይ አግኝታቸው ነው። መጥታ ከፊቴ ቆመችና፣ «አንተ ሰው፣ ቤት ነው የምታከራየው ወይስ ሱፍ ነው የምትለካው?» አለችኝ። ለተከራዮቹ አስቤ ነው አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሷም አወቀችብኝ፤ ቤቱን ባዶ ያቆየኸው ትመለሳለች ብለህ ነው አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ እማማ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ብዬ እኮ ነው አልኳት።

«የብብቷ ማን ነው? አንተ ነህ?» አለች። «እንግዲያው ሄደህ ተሸጎጥላት።»

ስቄ ላልፈው ፈለግሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ መጀመሪያ ሂድና ሥራዋን እይ፣ ከዚያ በኋላ የምትለውን ትላለህ ብላኝ ወጣች።

ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ «ጨርቅ ልገዛ ነው የወጣሁት» ያልኩሽ ወደ አንቺ ስመጣ ነው። አትቆጪ። በአውቶቡስ ላይ የምልሽን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ተከራይ የለም፣ ደንበኞቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ ከተማ ምን ያደርግልናል፣ ይልቅ ነይ እንግባ። አሳምሬ የሰፋሁት ንግግር ነበር።

ዘበኛው ስምሽን ስጠራለት ከወንበሩ ተነሳ። ለእኔ አይደለም የተነሳው፣ ለስምሽ ነው። በረጅሙ ኮሪደር መርቶ የልምምዱ አዳራሽ በር ላይ ተወኝ። በመስታወቱ አየሁሽ።

እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የነበረሽ እኮ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች ጥግ ናት። ጀሶ ለምነሽ፣ እግሮቹን መስኮት ላይ አድርቀሽ፣ የቀረውን ቤት አምጥተሽ ግቢ ውስጥ አፍንጫሽን በመሐረብ ሸፍነሽ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቂ ነበር። እዚያ ግን አዳራሹ ሰፊ፣ ብርሃኑ ሙሉ፤ መፋቂያው ማሽን አቧራውን ራሱ ይውጠዋል። አንዲት ሴት በሁለቱ ብረቶች መሃል ቆማለች፤ ወጣት ባለሙያዎች ከበዋታል። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሻት ዓይንሽን ጨፍነሻል። ሴትዮዋ ተራመደች። አንቺ አታያትም፣ ትሰሚያታለሽ።

«ቀኙ ትንሽ ረዝሟል» አልሽ።

አንዱ ለካውና ልክ ነሽ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አሁን መፍቻውን ታነሳለች፣ ተንበርክካ ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ፣ መፍቻውን ለአንዲት ወጣት ሰጠሽና እጆችሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ ቆምሽ። እጅሽ ሥራ ፈቶ አይቼው አላውቅም። ልጅቷ ተሳሳተች፤ አልነካሽም። ደገመችው፤ አሁንም አልነካሽም። በሦስተኛው ሆነላት። ሴትዮዋ እስከ ጫፍ ሄደች፣ ብረቱን ለቀቀች፣ ከዚያም ዞር ብላ «ነገ ሥራ ብገባስ?» አለች። ሳቅሽ። አለቃዬ፣ ያንን ሳቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ከወጣትነታችን ጋር ያለፈ ነበር የመሰለኝ። ለካስ ቦታ አጥቶ ነው።

መጀመሪያ ቀናሁ፤ አልደብቅሽም። እኔ በሌለሁበት እንዲህ ትስቃለች እንዴ አልኩ። ወዲያው ግን ደረቴ አልበቃኝ አለ። ስወጣ ለዘበኛው «ሚስቴ እኮ ናት» አልኩት፤ ሰውየው ስገባም ነግሬው ነበር። ሳላናግርሽ የተመለስኩት ፊቴን አይተሽ እንዳታውቂብኝ ነው። ያ የሰፋሁት ንግግር ገና አፌ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ዋጥኩት።

ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁና ብርጭቆዬን ላጥብ ጎንበስ ስል ወገቤን ወጋኝ። እንደገና ቀና ብዬ ቆምኩ። ይህ ማጠቢያ ለእኔም አይሆነኝም! ያንን ሁሉ ዘመን ጎንበስ ብዬ ሳጥብ ያልታወቀኝ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ስለምታወሪ ነው። ለባንክ ሠራተኛው ያሰብኩለትን ወገብ ለራሴ አላሰብኩለትም። ቤቱን እወደዋለሁ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። አንቺ ከሌለሽበት ግን የሌላ ሰው ኮት እንደለበስኩ ነው።

በማግሥቱ ለባንክ ሠራተኛው ደወልኩ። «ዛሬ ቁመቴን አሳጠሩት እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ፤ ይገባኛል። ማጠቢያውን እንደ ቁመቱ ከፍ ማድረግ እንደሚችል ነገርኩት። የደረጃው መደገፊያ ግን አይነካም፣ ፖስተኛው እስካሁን ይመጣል አልኩት። ተስማማ። ቤቱ አልተሸጠም፤ የእኛው ነው፣ ተከራየ እንጂ። ውሉን በአዋላጇ ፊት ተፈራረምን። እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ፈርቻለሁ። እዚህ ሰው ሠርጉ ሲደርስ ወደ እኔ ይመጣል፤ ለአንዳንዱ ከነአባቱ ሰፍቼለታለሁ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሱሪ በማሳጠር ልጀምር ነው። ደግሞ ያቺ ልጅ መፍቻውን ይዛ ስትሳሳት አየኋት፤ ማንም አልሞተም።

እናም ዓርብ ፈርሚ። ለዚህ የእኔ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ሲጀመርም አያስፈልግሽም ነበር። ጠያቂው እኔ ነኝ። የተከራየሻት ክፍል ጠባብ ናት ብለሽኛል፣ አንድ አልጋና አንድ መስኮት። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር ባደርጋት መንገድ አትዘጋም፤ ስትተኚም አልሰፋም። አለቃዬ፣ ልምጣ?

መልስሽን የሚጠብቅ፣
ልብስ ሰፊው ባልሽ