የኖርማን ዓይንና የዶሮ ቤቷ አይጥ

ኖርማን፣

ፓይ ሠርቼልሃለሁ፣ ምድጃው ውስጥ ነው። ለድመቷ እንዳታካፍላት።

ጓሮ የተሰቀለውን የተበሳሳ ወረቀት አትጣለው። ቅዳሜ ሁለቱን ዓይነት የአየር ጠመንጃ ጥይት የሞከርኩበት ነው። የለመድናት፣ መሃሏ ጠበብ ያለው ወገበ ቀጭኗ ጥይት በሠላሳ እርምጃ አምስቱንም አንድ አዝራር በምታህል ቦታ ሰካችልኝ። አዲሱ ድፍን ጥይት ግን ከባድ ስለሆነ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ነው የሚመታው። ስለዚህ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ለድፍኑ ከፍ አድርጎ እንዲመታ አስተካከልኩት።

መልሼ አላስተካከልኩትም።

እሁድ አንተ በወይዘሮ ሃርግሪቭስ ዶሮ ቤት አይጥ ላይ በወገበ ቀጭኗ ተኮስክ። ጥይቷ በአይጧ አናት ላይ አልፋ የወይዘሮዋን ባልዲ በሳችው። ሴትዮዋም "ኖርማን፣ አንተስ ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል ልቀም" አለችህ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የገባኝ ሰኞ ነው።

ዛሬ ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ፣ አትንገረኝ።

ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ሳይ፣ ለነገ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ መያዝህን አየሁ። ሰርዘው። ዓይንህ ምንም አልሆነም።

የጠመንጃውን መነጽር ለወገበ ቀጭኗ መልሼ አስተካክዬዋለሁ። አይጧ አስር ሰዓት ላይ ከውኃ ገንዳው ሥር ትወጣለች። እኔ አሁን ለወይዘሮ ሃርግሪቭስ እውነቱን ልነግራት እየሄድኩ ነው፤ አዲስ ባልዲም ይዤላታለሁ።

ጠመንጃው ቦታው አለ። ጥይቱን ግን አንድም ሳላስቀር ይዤው ሄጃለሁ። መጀመሪያ ፓይህን ብላ፣ ንዴትህም ይብረድልህ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ዊልፍ