ከላይኛው ሰገነት የመጣችው ፉጨት

ውድ እህቴ ኦቲሊ፣

የሊንዝ አየር ለደረትሽ ተስማማው? «ተስማምቶኛል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እኔ ግን የደረትሽን ነገር ከመጀመሪያውም አላመንኩትም።

አትቆጪ፣ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ባልሽ ኢግናዝ ለቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ ብቻ የጻፈውን አዲስ ሥራ ያሰማ ዕለት፣ ተኳርፋችሁ ነበርና «አሞኛል» ብለሽ ቀረሽ። እኔ ታች ተቀመጥኩ፣ እጮኛዬ ካየታን ከጓደኞቹ ጋር ላይኛው ሰገነት ወጣ። የቪየናን ሰው ታውቂው የለ! ዘመናዊ ሙዚቃ አለ ከተባለ ከትኬቱ በፊት የቤቱን ቁልፍ ነው ኪሱ ውስጥ የሚዳብሰው፣ ካልጣመው በቀዳዳው ሊያፏጭበት። ቫዮሊኖቹ በየፊናቸው ሲበታተኑ ከኋላዬ የነበሩት ወይዘሮ «እየቃኙ ነው ወይስ ጀመሩ?» አሉ። ባላቸው «ዝም በይ፣ ይኸው ሊጨርሱ ነው» አሏቸው። ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰዉ ግን ቁልፉን ጨብጦ ታገሠ፤ ቀድሞ መጀመርን ሁሉም ፈራ።

ኋላ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ አንዲት ቪዮላ ብቻዋን ስትቀር፣ ከሰገነቱ ፉጨት ወረደች። አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር። አዳራሹ ምልክት የተሰጠው መስሎት ቁልፉን ሁሉ አውጥቶ ያፏጭ ጀመር። ሥራው መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ኢግናዝ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ።

ኦቲሊ፣ ያን ቁልፍ አውቀዋለሁ። የአባባ የወይን ጠጅ ምድር ቤት ቁልፍ ነው። አፉ ስለተሸረፈ ድምፁ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ልጆች ሆነን የምንጠራራበት። አሁን ያለውም አንቺ ዘንድ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በማግስቱ ጠዋት ሾርባ ይዤልሽ ብመጣ «ያች ምስኪን ቪዮላስ እንዴት ሆነች?» አልሽኝ። ጋዜጣው ገና አልወጣ፣ እኔ አልነገርኩሽ፣ ኢግናዝ አፉን አልከፈተ። ማን ነገረሽ? ከቤት ካልወጣሽ፣ የራሰ ጫማሽስ ምድጃው ሥር ምን ይሠራ ነበር? ከዚያ ደግሞ ብድግ ብለሽ ሊንዝ! ባሏን ጠልታዋለች ብዬ አማሁሽ፣ ለራሴ ብቻ። እሺ፣ ለካየታንም።

አሁን ግን ነገሩ እኔው ቤት ገባ። ኢግናዝ ካየታንን ከቫዮሊን ተጫዋቾቹ ካስወጣው ወዲህ እንደተቃቃሩ ነው። «ያፏጨው እሱ ነው» ብሎ ለሙዚቀኞች ማኅበር ከሶታል። እሁድ ይሰበሰባሉ። ከማኅበሩ ከተሰረዘ በዚህ ከተማ ቫዮሊን ይዞ የሚገባበት በር የለም። ትናንት ኢግናዝን ልለምነው ቤታችሁ ሄድኩ።

«ቂመኛ ነው ሪኬ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ» አለኝ።

«ካየታን እንዲያ ማፏጨት ቢችል ቫዮሊን መማር ምን ያደርግለት ነበር?» አልኩት። አልሳቀም።

በጎን ክፍል ቪዮላ ተጫዋቹ ያን ብቸኛ ቦታ ይለማመድ ነበር። አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር። ስኒው እጄ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው ኢግናዝ?»

«ምንም። ሊሰማው የሚገባው ሰው ቤት ተኝቶ ነበር» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ያኔ ኢግናዝ የአባባ ተከራይ ሳለ የነበረው ትዝ አለኝ። አባባ ሲወጣ ግቢው መሐል ቆመሽ በዚያ ቁልፍ፣ በዚያው ፉጨት ትጠሪው ነበር፤ እሱም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወርድ ነበር። ታዲያ እህቴ፣ ተደብቀሽ መጥተሽ፣ በቪዮላው ሲጠራሽ ሰምተሽ፣ ሳታስቢው «አቤት» ብለሽው ይሆን?

እንዲያ ይመስለኛል። ጥርጣሬዬ ግን አልሞተም፤ የፈራ ሰውና የጠላ ሰው ዝምታቸው አንድ ነው። እኔ ብነግረው እጮኛዋን ልታድን እህቷን ሸጠች ይለኛል። ካመነኝ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከእኔ አፍ ሲሰማው ጠልተሽው ያፏጨሽ ይመስለዋል።

ስለዚህ ከእሁድ በፊት ነይ። ደረጃውን አትውጪ፣ በሩን አታንኳኪ። ቤታችሁ ግቢ መሐል ቁሚና ቁልፉን ንፊው። እኔ ላይ እናንተ ቤት ሆኜ መስኮቱን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ኢግናዝ ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ከሰማሁ ያማሁሽን ሁሉ መልሼ እውጠዋለሁ። ካልመጣሽ ግን የማምነው የመጀመሪያውን፣ ባልሽን መጥላትሽን ነው።

የምትጠረጥርሽ፣ ጆሮዋን መስኮቱ ላይ የጣለች
እህትሽ ሪኬ