የትራም መሸጋገሪያ ቲኬት ሰብሳቢው የአቶ ሬሚሂዮ ኤቻርቴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሬሚሂዮ ኤቻርቴ ከአባታቸው ከአቶ ፋኩንዶ ኤቻርቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔሜሲያ ሎይናስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1929 በሃቫና ከተማ፣ ሴሮ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የትራም ነጂ ነበሩ። አቶ ሬሚሂዮም እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ አባታቸው በወገብ ሕመም ከሥራ ሲቀሩ ቤተሰቡን ለመደገፍ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1947 በትራም ላይ ቲኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኦዲሊያ ባቴ ጋር የተዋወቁት እዚያው ሥራ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ከአንዱ ትራም ወርዶ ሌላ የሚይዝ ተሳፋሪ ዳግመኛ እንዳይከፍል መሸጋገሪያ የሚባል ስስ ቲኬት ይሰጠው ነበር፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን አይሠራም። ወይዘሮ ኦዲሊያ በከተማዋ ዳርቻ ማሪያናኦ በተባለው ሰፈር ወደሚኖሩት እናታቸው ሲሄዱ ሰዓቱ ያለፈበት መሸጋገሪያ ይዘው ተሳፈሩ። አቶ ሬሚሂዮ «እመቤት፣ ይሄ እኮ ሞቷል» ቢሏቸው፣ «ታዲያ ቅበረዋ! እኔ እንደሆነ አልወርድም» ብለው ቁጭ አሉ። ትራሙ በሳቅ ሞላ። በ1951 ተጋብተው ሚርታንና ኤላዲዮን ወለዱ።

በ1952 ትራሞቹ ከከተማዋ ሲነሱ አቶ ሬሚሂዮ ወደ አውቶቡስ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ሠሩ። ሐዲዱ ሲነቀል ቆመው ማየት አልሆነላቸውም። የድሮ መሸጋገሪያዎችን መሰብሰብ የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። መሸጋገሪያ ተሳፋሪው ሲወርድ የሚጥለው ነገር ስለሆነ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። ጡረታ የወጡ ቲኬት ቆራጮችን ደጅ ጠኑ፤ በሟች ቤት የአሮጌ ኮት ኪስ አስፈተሹ፤ በጸሎት መጽሐፍ ገጾች መካከል ተረስተው የቀሩትን ለመኑ። ከሁሉም የሚሳሱላቸው በኤሌክትሪክ ትራም የመጀመሪያ ዓመታት የታተሙት ሮዝና ቢጫ ቲኬቶች ነበሩ። ወረቀት በጠፋበት ዘመን ጎረቤት ሲጋራ ሊጠቀልልባቸው ቢጠይቅ በር ዘጉበት። የባለቤታቸው ወንድም አቶ ካሊስቶ ደግሞ «ሬሚ፣ ይህን ሁሉ መሸጋገሪያ ይዘህ ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ አላልክ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

በ2004 ወይዘሮ ኦዲሊያን የመርሳት ሕመም ያዛቸው። ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። በእሳቸው ሐሳብ፣ ከሞቱ ዘመናት ያለፏቸው እናታቸው ማሪያናኦ ሆነው እየጠበቋቸው ነው። ሁለት ጊዜ ወጥተው ጠፉ። አቶ ሬሚሂዮ ለማባበል ተራ ወረቀት ቆርጠው ቢሰጧቸው፣ «ይሄ የትራም አይደለም። ልጅ መሰልኩህ?» ብለው ወረወሩት። እውነተኛውን ሲሰጧቸው ግን በረንዳው ላይ ካለው ወንበር ተቀምጠው፣ ቲኬቱን በሁለት ጣታቸው እንደያዙ እስከ ምሳ ሰዓት በሰላም ይጓዛሉ። ከሰዓት በኋላ ቲኬቱ ወይ ተቦጫጭቆ ወይ ነፋስ ወስዶት ይገኛል። በማግስቱ እንደገና ሌላ።

ከሳጥኑ በመጀመሪያ የወጡት ከአንድ ዓይነት ሁለት ሁለት የነበሩት ቲኬቶች ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ወደ ጥሩዎቹ ተሄደ። ልጃቸው ሚርታ «አባዬ፣ እማዬ እኮ ነገ መስጠትህንም አታስታውሰውም» ብትላቸው፣ «ደክሞኛል ልጄ። ነገን ተይው፤ ዛሬን ታሳርፈኝ» አሏት።

አንድ ቀን ግን እምቢ አሉ። ከሳጥኑ የቀሩት ሮዝ ቲኬቶች ብቻ ነበሩ። የመኝታ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆልፈው ሳጥኑን ታቅፈው ተቀመጡ። ወይዘሮ ኦዲሊያ በሩን በቡጢ እየደበደቡ «እናቴን! እናቴን!» እያሉ አለቀሱ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አቶ ሬሚሂዮ ያን ጠዋት በባለቤታቸው ላይ ጮኹ፤ በኑሯቸው ጮኸውባቸው አያውቁም ነበር። ከዚያ በሩንም ሳጥኑንም ከፈቱ። አንዱን ሮዝ ቲኬት አውጥተው፣ የቆራጭነት መብሻቸውን ፈልገው ጥጉን በሱትና «ማሪያናኦ፣ እመቤት። መልካም ጉዞ» ብለው ሰጧቸው። ወይዘሮ ኦዲሊያ እንባቸውን ጠርገው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ማን እንደሰጣቸው ግን አላወቁም።

ስብስቡን ለመረከብ ከብዙ ዓመት በፊት ቃል ያስገባቸው ሙዚየም በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ሲልክ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከእፍኝ የማይበልጥ ቀርቶ ነበር። ባለሙያዋ ደንግጣ «የቀረውስ የት ሄደ?» አለቻቸው።

«ማሪያናኦ» አሉ አቶ ሬሚሂዮ።

ወይዘሮ ኦዲሊያ በ2013 በቤታቸው፣ በባለቤታቸው ክንድ ላይ ዐረፉ። ከዚያ በኋላ አቶ ሬሚሂዮ ምንም አልሰበሰቡም። የተረፈውን ለሙዚየሙ ሰጥተው በረንዳው ላይ ያንቀላፉ ነበር፤ ልጆቻቸው ሐኪም ጋር እንሂድ ሲሏቸው «አልታመምኩም፤ ዘጠኝ ዓመት ያልተኛሁትን እየተኛሁ ነው» ይሏቸው ነበር። ኋላ ግን ልባቸው እየደከመ ሄዶ መጋቢት 3 ቀን 2016 በተወለዱ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች አፍርተዋል።

ስለ ሞተ ሰው ሁሉ ዐረፈ እንላለን። አንዳንዱ ሳይደክም ይባልለታል። አባታችን ግን ዐረፉ። ለደካሞች ማረፊያ የሆነ ጌታ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ጋር ያኑርልን፤ ዛሬም በየቤቱ በሽተኛ ይዞ በር ላይ ለቆመ ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።