የአስካለ ሲም ካርድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት

ዛሬም ወጣሁ። ዳገቱን ጨርሼ አፋፉ ላይ ካለው ድንጋይ ካልተቀመጥኩ ስልኬ ኔትወርክ አያገኝም። የአንኮበሩ ቤታችን ገደል ሥር ነው፤ አባቴ ሲሠራው ከነፋስ እንዲከለል ብሎ ነበር። ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶታል፣ ቆላው አይታይም። ኔትወርኩ መጣ፣ ጠፋ፣ መጣ። ከአስካለ ምንም የለም።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጥልህ፤ ጡረታ ብወጣም የጋዜጣ ልማድ አልለቀቀኝም። ባለቤቴ አስካለ ልጃችንን ማኅደርን ልታርስ ሄዳለች። ማኅደር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት፣ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። እዚያው አግብታለች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ አሁን ጉዞ ላይ ነው። አምና ፅንስ ወርዶባታል። ዘንድሮ ወሯ ገብቷል። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዟታል።

የምፈልገው ፊቷን ማየት ነው። በድምፅ ብቻ አላምናትም። እያለቀሰች “ደህና ነኝ አባዬ” ማለት ከልጅነቷ ታውቅበታለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አስካለ ከሆቴሉ ስልክ ደወለች። አጭር ነው። ከዚህ ይዛው የሄደችው ሲም እዚያ አልሠራም። የማኅደር ስልክ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞቷል። የሆቴሉ ዋይፋይ ለእንግዳ ብቻ ነው፤ የሠራተኞቹ ቤት ከኮኮናት ዛፎቹ ማዶ ስለሆነ ቢፈቀድም አይደርስም። ሲም የሚሸጠው ትልቋ ደሴት ላይ ነው። ፓስፖርቷን ይዛ ራሷ ቀርባ ማስመዝገብ አለባት። ጀልባው ነፋስ ካለ አይወጣም። ነፋስ አለ።

ስለ ማኅደር ጠየቅኳት። ደህና ናት አለች፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ። እንዲህ መፍጠኗን አልወደድኩትም።

አስካለን ጀልባ ላይ ላስባት ሞከርኩ። የበረሳ ወንዝን ድልድይ ስንሻገር እንኳ እጄን ትይዛለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ አቆመችኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ ጭላዳ እንኳ እንዳንተ ገደል አፋፍ ላይ አይውልም። ሚስትህ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ የምትል መሰለህ?”

ሳቅኩ። ቀጠለች፤ የገብስ ዱቄቱ ደርሷል ወይ፣ ቅቤውስ ሙቀቱን ችሏል ወይ፣ ገንፎውንስ አብሯት የሚበላ ሰው አለ ወይ። ሴት ወልዳ እልል የሚልላት ከሌለ ምኑን ወለደች አለች። የመጨረሻውን ባትናገር ይሻል ነበር።

ማታ በሩን ሳልዘጋ ተኝቻለሁ፤ ሁለተኛዬ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ የምትገባው አስካለ ነበረች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት

ሲም አገኘች! ጀልባው ላይ ዓይኗን ጨፍና ተሳፍራ፣ ስትመለስም ጨፍና። ባሕሩ ምን ይመስላል ብላት አላየሁትም አለች።

ዳታው የሚሠራው ግን ጀልባ የሚቆምበት የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እሷ ባሕር ዳር፣ እኔ ገደል ዳር። በቪዲዮ ደወለች። መጀመሪያ ግንባሯ መጣ፣ ቀጥሎ ሰማይ፣ ቀጥሎ እሷ። በዚያ ሙቀት ነጠላዋን ተከናንባለች። ከስተሃል አለችኝ፤ እኔን ነው። ልመልስላት ስል ምስሉ ቆመ። አፏን ከፍታ፣ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ስክሪኑ እስኪጠፋ አየኋት።

ያሰብኩት አልሆነም። ማኅደር ከአልጋ አትነሳም፣ ድልድዩ ጫፍ ልትመጣ አትችልም። ደግማ በድምፅ ስትደውል ተስማማን፤ አስካለ ቤት ውስጥ ቀርፃ፣ ድልድዩ ጋ ሄዳ ትልክልኛለች።

ስወርድ መንገዴ ላይ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ሱቁ ጎረቤላ ከተማ መንገድ ዳር ስለሆነ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እኔ ካልተገኘሁ አስካለ ለእሱ እንድትደውል ቁጥሩን ሰጥቻታለሁ። “ኢንሻአላህ የምሥራቹን እኔ ነኝ የምነግርዎት ጋሼ” አለኝ። ጉርሻው ምን እንደሆነም ጠየቀ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ስኳር በሙሉ እገዛልሃለሁ አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቪዲዮው ደርሷል፣ አይከፈትም። ግራጫ ካሬ፣ መሃሉ ላይ የምትሽከረከር ክብ። ድንጋዩ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ካፊያ ጣለብኝ። ልጄ ኪሴ ውስጥ ናት፣ አላያትም።

ነገ ደ/ብርሃን እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ደ/ብርሃን

በሚኒባስ መጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ገብቼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሻዩ ሳይቀርብ ተከፈተ።

ማኅደር ናት። “አባዬ ደህና ነኝ። እማዬ ገንፎ በገንፎ አደረገችኝ” ትላለች። ትስቃለች። ድምፁን ዘግቼ ደግሜ አየሁት። ፊቷ አብጧል። ዓይኖቿ ጠበዋል። ትራሱ ላይ ያለው እጇም አብጧል፤ ቀለበቷን አውልቃዋለች።

ብዙ ፎቶ ለጋዜጣ መርጫለሁ። ምን እንደማይ አውቃለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም። ለአስካለ ጻፍኩ፤ ሐኪሙ እብጠቱን አይቷል? ዛሬውኑ አሳዩት። መልእክቱ ከእኔ ወጥቷል፣ እሷ ጋ አልደረሰም። የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቅኩ። አልደረሰም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የለም። ጭጋግ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ኔትወርኩም አብሮ። አፋፉ ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ያዝኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ድሮ ባይ ዜና አደርገው ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

መብራት መጣ። ካፊያው ደረቴ ገብቷል፤ አተኩሶኛል። ዳገቱን አጋምሼ ተመለስኩ። ነገ ጽዮን ማርያም ናት፤ ቤተ ክርስቲያን የምደርስ አይመስለኝም።

አስካለ፣ ምን ሆናችሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

አሁን ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። በቅደም ተከተል።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው። በመስኮት አየኋቸው። በአቀበቱ በኩል ሰው ይመጣል፤ ብዙ ሰው፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ ማንም አያወራም። ከፊት የደብራችን መሪጌታ ናቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አቀርቅረው። እትዬ ብርቄ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ለበዓሉ ሄደው የሚመለሱ ናቸው ብዬ ነበር፤ ሰይድን እስካይ ድረስ። ሰይድ ከቅዳሴ አይመጣም። ሱቁን ዘግቷል።

በአገራችን ሰው እንዲህ ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ፣ በማለዳ በር ላይ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። በሩን ከፈትኩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲጨርሱ አልፈለግኩም።

“የትኛዋ ናት?” አልኩ።

መሪጌታ ግራ ገባቸው። መቃኑን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የገባት እትዬ ብርቄ ናት። ነጠላውን ከአፏ አነሳች።

“ውይ በሞትኩት! ሰውዬው መርዶ መስሎታል! ወልዳለች እኮ! ማርያም ምራታለች! እልልልል!”

ከዚያ ሁሉም እልል አሉ። እኔ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ሰይድ “አልሐምዱሊላህ ይበሉ ጋሼ” እያለ ትከሻዬን ይዞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አስካለ ትናንት አመሻሽ ላይ ለሰይድ ደውላለች። እሱ ሱቁን ዘግቶ ወደ እኔ ሲመጣ መሪጌታን መንገድ ላይ አገኛቸው። እሳቸው ከለከሉት፤ የምሥራች በጨለማ በአንድ ሰው አይነገርም፣ ነገ ሕዝቡን ይዘን በእልልታ እንሂድ አሉት። “እኔ ሳልናገር ማንም እልል እንዳይል” ብለው ሴቶቹን አስጠነቀቁ። እትዬ ብርቄ አፏን የያዘችው እልልታው እንዳያመልጣት ነው።

“መሪጌታ፣ ሰው ሊገድሉብን ነበር እኮ!” አለቻቸው።

“እኔማ ክብር ይኑረው ብዬ ነው” አሉ፣ በጣም አፍረው።

ሴት ናት። እብጠቱን አይተው ማኅደርን በፈጣን ጀልባ ወደ ትልቋ ደሴት ወሰዷት፣ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። አስካለም አብራ፤ ዓይኗን ከፍታ፣ የልጇን እጅ ይዛ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ደ/ብርሃን

የትልቋ ደሴት ኔትወርክ ጥሩ ነው፣ የዚህም ጥሩ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። የማኅደር ፊት ወደ ራሱ እየተመለሰ ነው። ሕፃኗ ታዛጋለች። አስካለ ሆስፒታሉን፣ ነርሶቹን፣ ዓሣውን አወራችልኝ። ባሕሩንም አየችው፤ አያልቅም አለች።

ከዚያ አስካለ፣ ማኅደር ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ እንዳለባት ነገረችኝ። ባሏ እንደሚመጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እንደሚወጣ። “የእኔም ቪዛ ይራዘማል ይላሉ” አለች። ከዚያ ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ የሕፃኗ እግር ይንቀሳቀሳል። የተቋረጠ ነገር የለም። እየጠበቀችኝ ነው።

ወደ ቤት መቼ ትመጫለሽ ልላት ነበር ከጠዋት ጀምሮ የተዘጋጀሁት።

“ቆዪ” አልኳት። “ልጅቷ እስክትራመድ ቆዪ።”

ፊቷ በራ። ወዲያው ደግሞ ስለ ላማችን፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ሳሌ ትጠይቅ ጀመር።

ከሻይ ቤቱ ስወጣ የሚከራይ ክፍል አየሁ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። አከራይዋ ውኃውን ልታሳየኝ ስትል እኔ ስልኬን አውጥቼ መሃል ወለሉ ላይ ቆምኩ። ሙሉ ኔትወርክ። ሴትዮዋ ሳቀች። ክፍሉን ከሰኞ ጀምሮ ይዣለሁ። ላሟን እትዬ ብርቄ ታልባለች፤ አንኮበር እሑድ እሑድ እሄዳለሁ።

ይህን ወስኛለሁ። አስካለ ልቆይ ወይ ብላ ደግማ ብትጠይቀኝ ግን ቆዪ የምላት አይመስለኝም፤ ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት።