ነዳጁ ለእኔ፣ ባንኩ ለእሷ

እኔ ገብረመድኅን ወልደ ሥላሴ፣ ዛሬ ግንቦት ፯ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም. በአሜሪካ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ሆኜ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን በምስክሮች ፊት ሰጥቻለሁ። አእምሮዬን የሚጠራጠር ቢኖር መጀመሪያ ሰምቶ ይጨርስ።

ቤቱ ላስታመመችኝ ልጄ ለዓለምጌጥ ይሁን። መኪናዬ ለልጄ ለሕዝቅያስ ይሁን፤ እኔን ሐኪም ቤት ለማድረስ ጊዜ ስላጣ፣ ለራሱ እንኳ ይንዳት።

አሁን ወደ ተጣላችሁበት ልምጣ። ኢቲኤፍ የሚሉት ፈንድ አለኝ፤ አምስት መቶ ኩባንያ፣ ነዳጁም ባንኩም፣ በአንድነት ተይዞ እንደ አንድ አክሲዮን የሚሸጥ ነው። ስገዛው “ቅርጫ ማለት ነው” ብዬ አስረዳኋችሁ። በየፋሲካው ከሮውሌት ከተማ ማዶ በሬ ጥለን ስንካፈል፣ እያንዳንዱ መደብ ከሻኛውም ከጨጓራውም ይደርሰዋል፤ መራጭ የለም። እናንተ ግን በጆሯችሁ የገባው ሻኛው ብቻ ነው። አምና ባንኮች ሲንኮታኮቱ ሕዝቅያስ “ነዳጁ ለእኔ፣ ባንኩ ለእሷ” አለ። ዓለምጌጥም “ማንን ሞኝ አደረግህ!” ብላ ተነሣች። ይባስ ብሎ ሽማግሌ ተቀመጠ! ጉድ እኮ ነው! ከዚያ ወዲህ ሰላም አትባባሉም።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የገንዘብ አማካሪው አቶ ሞላልኝ ነበሩ። አቶ ሞላልኝ ሆይ፣ “ይህ ይነሣል፣ ያ ይወድቃል” እያሉ አክሲዮን ሲመርጡልን ኖረው፣ ሲነሣ ያየነው የእርስዎን ኮሚሽን ነው። ይህ ፈንድ መጥቶ ምርጫውን ከእጅዎ ቢያወጣብዎ፣ ቢላ ስለው ጨጓራውን ሊለዩልኝ መጡ። እኔም ብልህ ነኝ አልልም፤ አምና ከሁሉም ጋር አብሬ ወድቄአለሁ። ግን ለመውደቄ ለማንም አማካሪ አልከፈልኩም። ምስክር ያደረግኩዎት ይህን እየሰሙ እንዲፈርሙ ነው።

ፈንዱ ሳይነጣጠል የሁለታችሁ ይሁን። መሸጥ ስትፈልጉ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ አብራችሁ ትፈርማላችሁ። በስልክ አይሆንም፤ በጠበቃም አይሆንም። እናንተን እንደተኳረፋችሁ ትቶ መሄድ ከልቤ ሕመም ይልቅ ያመኛል።

ልፈርም ብዕር ሳነሣ ሕዝቅያስ፣ “አባባ፣ ታዲያ... ነዳጁ ለእሷም ይደርሳታል ማለት ነው?” አለ።

ዓለምጌጥ ከአምና ጀምሮ ያላናገረችውን ወንድሟን ዞር ብላ አይታ፣ “ባንኩም ለአንተ ይደርስሃል፤ ደስ ይበልህ!” አለችው።

እሰይ፣ ተነጋገሩ። ይህም ይጻፍልኝ።

ተናዛዥ፦ ገብረመድኅን ወልደ ሥላሴ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ብርቅነሽ ኃይሉ (ፊርማ)
ዕፀ ሕይወት አሻግሬ (ፊርማ)
ሞላልኝ ውባለም፣ ሁሉንም ሰምቼ (ፊርማ)