ያለ ተቀናቃኝ

ኤፕሪል 26፣ 1930

ዝናብ። ሙሉ ቀን ከሶያ መረቅ በርሜሎቼ ጋር ዋልኩ። ከሰዓት የፓርቲያችን ሰብሳቢ ኦኑኪ መጡ። ምርጫውን ከተሸነፍን ወዲህ ፊታቸው አልተፈታም።

«መንግሥት የጦር መርከቦቻችንን ቁጥር የሚቀንስ ውል ከነጮቹ ጋር ፈርሟል። በዚህ እንጥለዋለን። ነገ አንተ ትናገራለህ» አሉኝ።

ውሉ እኮ ግብር ያቀልልን ይሆናል... አሰብኩት እንጂ አላልኩም።

ኤፕሪል 27

ቲያትር ቤቱ ጢም ብሏል። ንግግር የሚቆጣጠረው ፖሊስ እንደ ልማዱ መድረኩ ላይ ጎኔ ተቀምጧል። ስለ ሩዝ ዋጋ ሳወራ ሁለቴ «አቁም!» አለኝ። ደሜ ፈላ። «የጦሩ ጌታ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው! ውሉን ፈርሞ ሥልጣናቸውን የነጠቀ መንግሥት ከሃዲ ነው!»

የንጉሠ ነገሥቱ ስም ሲነሳ ፖሊሱ ብድግ ብሎ ቀጥ አለ። ሕዝቡም ቀጥ። ማን ያስቁመኝ? እንዴት ደስ አለኝ!

የእህቴ የቶሚዬ ባል ካኩዞ በር ላይ ጠበቀኝ። የመንግሥት ፓርቲ ሰው ነው፣ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል። ተሰዳድበን ስናበቃ አብረን የሩዝ መጠጣችንን ሳኬ እንጠጣ ነበር። ዛሬ አልሳቀም።

«ሪሄይ፣ በሩዝ ብትሰድበኝ እመልስልሃለሁ። ለዚህ ምን ብዬ ልመልስ?»

«ሽንፈት ሸተተህ እንዴ?» አልኩት። አፌ መች ያርፋል።

ሜይ 9

ካኩዞን ደበደቡት። የፓርቲው ስብሰባ ላይ ገና «ውሉ...» ሲል ወጣቶች «ከሃዲ!» እያሉ በዱላ ወጡበት። የራሱ መንግሥት ፖሊስ ቁጭ ብሎ አየ አሉ። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል።

ከሃዲ... ቃሉ የኔ ነው። ምን አድርጌ ነው?

ሜይ 11

ሆስፒታል ሄድኩ። ቶሚዬ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ አልላክኋቸውም፣ ቶሚዬ።»

«አውቃለሁ ወንድም ጋሼ። እሱም እንደዚያው ይላል። ግን አትግባ።»

ያመጣሁትን እንቁላል ተቀብላ በሩን ዘጋች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦኑኪን «በአደባባይ ይቅርታ ልጠይቀው» አልኳቸው።

«ምን ብለህ? የጦሩ ጌታ ንጉሠ ነገሥቱ አይደሉም ልትል?»



ሜይ 30

እንቅልፍ የለም።

ጁን 22

ካኩዞ የምክር ቤት ወንበሩን ለቀቀ። የሱ ፓርቲ ምትክ አላቀረበም፤ ማን ደፍሮ? በቦታው ያለ ተቀናቃኝ ተመረጥኩ። ኦኑኪ በደስታ ሰከሩ። «ተናገር!» ተባልኩ።

ካኩዞን በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ልለው ነበር የተነሳሁት፤ እውነቴን ነው። የፊት ረድፍ ላይ እነዚያ የደበደቡት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ ታስረው ነበር፣ ተፈተዋል። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

የካኩዞን ስም አልጠራሁም። ወጣቶቻችንን ስለ አገር ፍቅራቸው አመሰገንኳቸው።