እንሰት ነቅሎ በርበሬ

ቡታጅራ፣ ረቡዕ መጋቢት 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

አከራዬ አቶ ወልዴ የጓሮውን እንሰት ነቅለው ለገበያ የሚሆን በርበሬ ሊተክሉ ቆርጠዋል። እንሰት ግን እዚህ የሴት ነው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘነበች ካልፈቀዱ አንድ እግር አይነካም። ዛሬ ሚስታቸውን እንዳሳምንላቸው እኔን፣ የተማረውን ሰው፣ ጠሩኝ።

ጠዋት ያስተማርኩት ገና ከምላሴ አልወረደም ነበርና ስለ ገበያ ላወራ ብዬ ከጣሊያን በፊት ዓለምን የመታውን የኢኮኖሚ ድቀት ጀመርኩ። አሜሪካ ባንክ ተዘጋ፣ ጀርመን ሥራ ጠፋ፣ ብራዚል ዋጋ ቢወድቅባት ቡናዋን አቃጠለች።

«መምህር፣ የጠራሁዎት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወልዴ።

ወይዘሮ ዘነበች ግን፣ «ቡናው ከተቃጠለ በኋላ ሰዎቹ ምን በሉ?» አሉኝ።

«መጽሐፉ አይልም።»

«እንግዲያው እንሰቴን ማንም አይነካም።»

አቶ ወልዴ እስከ በር ሸኙኝና የተከራየሁትን ክፍል ለዘመድ እንደሚፈልጉት ነገሩኝ።